በቁሟ ማን አዋጣላት?

ወገኖቼ፣ ጀግና ማመስገን እናውቅበታለን፤ ሲሞት ነው እንጂ። «የሞተ ልጅ አንገቱ ረዥም ነው» የሚለው ተረት የወጣው ከኛው ጓዳ ነው። የጥቁር አሜሪካዊቷ አብራሪ የቤሲ ኮልማንን ፎቶ ትቀባበላላችሁ፣ «ጀግና!» ትላላችሁ። ለመሆኑ ሴትዮዋ በሕይወት ሳለች ምን እንደቸገራት ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

በፈረንጆች 1892 ቴክሳስ ተወለደች፣ ጥጥ እየለቀመች አደገች። ቺካጎ ገብታ በወንዶች ፀጉር ቤት የደንበኛ ጥፍር ስትሠራ፣ ከፈረንሳይ ጦር ሜዳ የተመለሰ ወንድሟ የዚያ አገር ሴቶች አውሮፕላን እንደሚያበሩ እያነሳ ያሾፍባት ነበር። ሌላዋ ብትሆን ታኮርፍ ነበር። እሷ ግን ልቧ እዚያው ቀረ። የአሜሪካ ማሠልጠኛዎች ጥቁርም ሴትም በመሆኗ አንቀበልም አሏት። ፈረንሳይኛ ተማረችና በ1920 መጨረሻ ባሕር ተሻገረች።

የተማረችበት ኒዩፖር አውሮፕላን መሪ የለው፣ ፍሬን የለው፤ ፊት ለፊቷ የቆመ ወፍራም ዱላ፣ እግሯ ሥር አንድ አግዳሚ፣ በቃ። አብሯት የሚማር ሰው ተከስክሶ ሲሞት በዓይኗ አይታ እንኳን አልተመለሰችም። ጁን 15 ቀን 1921 ዓለም አቀፍ የአብራሪነት ፈቃዷን ተቀበለች።

እስከዚህ ያለውን ሁላችሁም ትተርኩታላችሁ። እኔን የሚቆጨኝ የተከተለው ነው። ሴትዮዋ የፈለገችው ለጥቁሮች የበረራ ትምህርት ቤት መክፈት ነበር። ለዚያ ስትል በሰማይ ትርኢት አሳየች፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ተናገረች፣ ፍሎሪዳ ውስጥ የውበት ሳሎን ከፈተች። በ1923 ካሊፎርኒያ ላይ ወድቃ እግሯና ጎድኖቿ ተሰበሩ። ቴክሳስ ውስጥ ጥቁርና ነጭ በተለያየ በር ይግባ ሲሏት፣ ገንዘቡ እያስፈለጋት፣ በር አንድ ካልሆነ አልበርም አለች። ለኔ ከመገለባበጡ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

አጨብጫቢ ሞልቶ ነበር፤ የሚያዋጣ ግን ጥቂት። እንደምንም ያገኘችው ያረጀ ጄኒ አውሮፕላን ነው። ከዳላስ ጃክሰንቪል እስኪደርስ ሞተሩ እያስቸገረ ያበረረላትን መካኒክ በየመንገዱ መሬት አሳርፎታል። ኤፕሪል 30 ቀን 1926 መካኒኩ እያበረረ፣ እሷ ለነገው የፓራሹት ዝላይ መሬቱን ለማየት ቀበቶዋን ፈትታ ስታጎነብስ፣ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ደፍቶ ተምዘገዘገ። እሷ ተወርውራ ወደቀች፣ እሱም ከአውሮፕላኑ ጋር ሞተ። መቆጣጠሪያው ውስጥ የተሰነቀረ መፍቻ ተገኘ። 34 ዓመቷ ነበር።

ለቀብሯ ግን በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ! በስሟ የተሰየመው የበረራ ክበብ ሎስ አንጀለስ ላይ የተቋቋመው በ1929 ነው፣ ከሞተች በኋላ።

«ይሄ የአሜሪካኖች ጉዳይ ነው» እንዳትሉኝ። የእሷን ፈለግ ከተከተሉት አንዱ፣ በቺካጎ መቃብሯ ላይ ከአየር አበባ ይጥሉ ከነበሩት ጥቁር አብራሪዎች መካከል የነበረው ጆን ሮቢንሰን፣ በ1935 ፋሺስት ጣሊያን ሊወረን ሲነሳ መጥቶ አየር ኃይላችንን የመራ ሰው ነው። ጥቂቶች ብቻ ያዋጡላት ሴት ትሩፋቷ ደጃችን ድረስ ደርሷል።

እኛስ? ከወረራው በፊት መብረር የጀመረችውን ሙሉመቤት እምሩን ዛሬ በፎቶ እናወድሳለን። የጎረቤት ልጅ አብራሪ ልሁን ስትል ግን «አርፈሽ ተቀመጪ» የምንላት እኛው ነን። ዕድራችን ለሞተ ድንኳን ይተክላል፤ በሕይወት ላለች ተማሪ ሲጠየቅ ደንቡ አይፈቅድም ይላል። ደንቡን የጻፍነው እኛ አይደለንም እንዴ? በሚቀጥለው ስብሰባ ይሻሻል በሉ። የሚቆጣ ሽማግሌ ካለ ወደኔ ላኩት።