የ23 ኪሎ ጥንቃቄ

ጉዞ ላይ እንደ እኛ ጥንቁቅ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። እሁድ ዕለት አራት ኪሎ፣ እትዬ ቤት፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጃቸው ዓመት ከመንፈቅ የሆነውን ማሙሽን ይዛ አሜሪካ ባሏ ጋ ልትሄድ ነው። እኔ የተጠራሁት ሚዛን ስላለኝ ነው።

ሻንጣው 23 ኪሎ ከ200 ግራም መጣ። ቤቱ ፀጥ አለ። ሽሮ ይቀነስ ወይስ በርበሬ? ድርቆሹን ማንም ሊነካ አልደፈረም። በመጨረሻ በርበሬው በሾርባ ማንኪያ እየተጨለፈ ተቀነሰ። ለዚህ በርበሬ መርካቶ ድረስ ሁለት ጊዜ ተኬዷል። ጤና ጣቢያው ግን አስፋልቱን ተሻግሮ ስለሆነ አልተመቸም።

«የማሙሽ የኩፍኝ ክትባትስ?» አልኩ፣ ነገር ፈላጊ ሆኜ።

«ጉንጩን አታየውም እንዴ?» አሉኝ እትዬ።

እውነት ነው። ኩፍኝ ጉንጭ አይቶ የሚመለስ በሽታ ነው። ክትባቱ በ9 ወር እና በ15 ወር ይሰጣል። የመጀመሪያውን ወስዷል፤ በ15 ወሩ ግን ቆሞ ሄደ። ቆሞ የሄደ ልጅ ደግሞ ምን መርፌ ያስፈልገዋል? ነፃ መሆኑም ያጠራጥራል። ቢሸጥ ኖሮ ተሰልፈን ነበር የምንገዛው።

አጎትየው የተማረ ሰው ነው። «ኩፍኝ እዚህ እንጂ እዚያ የለም» አለ። አሜሪካ በፈረንጆቹ 2000 አጥፍቼዋለሁ ብላ ነበር፤ እሱ እዚያ ላይ ቆሟል። በ2025 ከ2,000 በላይ ሰው መያዙ፣ 3 ሰው መሞቱ፣ ካናዳም በዚያው ዓመት «ከኩፍኝ ነፃ» የሚለውን ማዕረግ መነጠቋ ጥቃቅን ነገር ነው። ከአሜሪካ ታማሚዎች አብዛኞቹ ያልተከተቡ ወይም መከተባቸው የማይታወቅ ነበሩ። ማለትም እንደ እኛው የክትባት ካርድ የጠፋባቸው።

ሲመለሱ ደግሞ የቦሌ አቀባበላችን አለ፤ እሱማ ለብቻው ሙገሳ ይገባዋል። እንግዳው ቢያስል «የአውሮፕላኑ ኤሲ ነው» ብለን አገላብጠን እንስማለን። የጎረቤት አራስም መጥታ ሕፃኗን እቅፉ ላይ ታደርግለታለች። ኩፍኝ ሽፍታው ሳይወጣ 4 ቀን ቀደም ብሎ መተላለፍ ይጀምራል። ታማሚው ወጥቶ ቢሄድ እንኳን ቫይረሱ ክፍሉ አየር ላይ እስከ 2 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ይቆያል። ጨዋ ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይል አይነሳም።

የማሙሽ ካርድ ማታ ላይ ተገኘ። ታጥፎ በርበሬው ወደ ላስቲኩ የሚወርድበት ማንቆርቆሪያ ሆኖ ነበር። የ15 ወሩ ቦታ ባዶ ነው። ሌላው ሁሉ ቀልቷል።