ልብ በሊዝ

ባለፈው የሥላሴ ዕለት፣ ዐፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ በጎንደር ባሠራው በደብረ ብርሃን ሥላሴ ሳስቀድስ፣ ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ባሉ ጊዜ በስተቀኜ የቆመው ሰው ከሁላችንም ቀድሞ ታዘዘ። «ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ» ማለታቸው እንደ ሆነ አያጣውም፤ ነገር ግን ልቡ ለጊዜው አልተመቸው ኖሮ ስልኩን አነሣ። ልነቅፈው አልደፍርም፤ በአማርኛችን ልብም ይነሣል፣ ፎቶም ይነሣል፤ በሩን የከፈተለት ቋንቋው ራሱ ነው። ሕዝቡ እንደ ወትሮው «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ»፣ ማለትም ልባችን በአምላካችን ዘንድ አለ ብሎ ሲመልስ፣ እሱም በአንድ እጁ እየቀረጸ ከሁላችን ድምፅ በላይ በሚሰማ ድምፅ መለሰ።

ልባቸውን ለእግዚአብሔር መስጠታቸውን በየደረሱበት የሚያውጁ ሰዎች በከተማችን በመብዛታቸው ደስታዬ ወሰን የለውም። ቀድሞ ልቡን የሰጠ ሰው ዝም ይል ስለ ነበር ማን እንደ ሰጠ፣ ማንስ እንዳልሰጠ ለማወቅ ያስቸግር ነበር። ዛሬ ተመስገን ነው፤ ከፒያሳ እስከ አዘዞ በባጃጁ መስታወት፣ በሱቁ ግንባርና በስልኩ ገጽ ላይ ተጽፎ ይነበባል። ነቢዩ ኢዩኤል «ልባችሁን እንጂ ልብሳችሁን አትቅደዱ» ብሎ ነበር፤ የእኛ ሰዎች አስተዋዮች ናቸውና አንዱንም አልቀደዱም፤ ልብሱን ግን ባለ ጥልፍ አድርገው አሰፉት።

ከእነዚህ ሁሉ የማደንቀው ያን ባለ ብዙ ቤት ሰው ነው። ስም አልጠራም፤ በየሰፈሩ ስላለ መጥራትም አያስፈልገኝም። እሱ ልቡን ለእግዚአብሔር የሰጠው በሊዝ ነው። በመጀመሪያ ልቡን አስለካ፤ በምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን፣ በምዕራብ ባንክ ቤት፣ በሰሜን ከሚስቱ ወንድሞች ጋር የሚካሰስበት የውርስ መሬት፣ በደቡብ ዋናው አስፋልት ያዋስነዋል። ከዚያም ሸነሸነው። ለእግዚአብሔር የደረሰው በጓሮ በኩል ያለው፣ ጸጥ ያለና መኪና የማያስገባው ክፍል ሲሆን፣ አስፋልት ዳር ያለው ለንግድ ስለሚሆን ለራሱ አስቀረው። የመኖሪያ ሊዝ 99 ዓመት እንደሚሄድ ስለሚያውቅ «ለዘላለም» የሚለውን ቃል በውሉ ማስገባት አላስፈለገውም። ቅድመ ክፍያውን በጥምቀት ዕለት በአደባባይ ፈጸመ፤ ይኸውም ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ምንጣፍ እያነጠፈ የተነሣው ፎቶ ነው። ለቀሪው የችሮታ ጊዜ ተሰጠው፤ የእግዚአብሔር ችሮታ ብዙ ነውና ጊዜው እስካሁን አላለቀም። የንስሐ አባቱ በየዋህነት «ልጄ፣ ግንባታውን መቼ ትጀምራለህ?» ቢሉት ሲሚንቶ መወደዱን ነገራቸው። እርግጥ ይቅርታ የምትባል አንዲት ክፍል መሠረቷ ወጥቶላት ነበር፤ ነገር ግን በሚስቱ ወንድሞች በኩል ስለምታዋስን ግንባታዋ ታገደ። አጥሩ ግን ከነመስታወት ስባሪው ተጠናቋል። ሐናንያ ምስኪኑ መሬቱን ሸጦ፣ ከዋጋው አስቀርቶ፣ ሁሉን እንዳመጣ አስመስሎ በሐዋርያት እግር አጠገብ ቢያኖር ወድቆ ሞተ፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5ን ባነበብሁ ቁጥር ሽንሻኖ ባለማወቁ አዝንለታለሁ።

ይኸው ሰው ባለፈው ክረምት፣ ማኅሌት አድሮ ዓይኑ በእንባ አብጦ በተመለሰበት ሳምንት፣ እንጀራ እየሸጠች ሁለት ልጆች የምታሳድግ ተከራዩ ላይ ኪራይ ጨመረ፤ አልችልም ብትለው ዕቃዋን ዝናብ ላይ አወጣው። እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅር። ምጣዷን ዝናብ ሲመታው አይቻለሁ። ለምን ይህን አደረግህ ሲባል «እኔ ሁሉንም ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ» አለ። ደሃ አስለቅሶ በማኅሌት ማልቀስ ምን ዓይነት ድፍረት ነው? ልብህ ኪራዩ ዘንድ ተቀምጦ ሳለ በመንበሩ ፊት «ብነ» ስትል ምላስህ እንዴት አይተሳሰርም?

ይቅርታ፤ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ባቃጠለ ጊዜ ይህን ደብር ንቦች እንዳዳኑት አባቶቻችን ይተርካሉ። ንቦቹ ሰይፍ የያዘውን እንጂ ስልክ የያዘውን እንዲለዩ አልታዘዙም መሰለኝ፣ በሥላሴ ዕለት አንዲት እንኳ ብቅ አላለችም። እኔም ብሆን «ብነ» ባልሁበት ቅጽበት ልቤ ይህን ጽሑፍ ሲያረቅቅ ነበር፤ ዝርዝሩን ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ።

ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲበተን ጎረቤቴ ስልኩን አቀበለኝና «ወንድሜ፣ እንባዬ ሳይደርቅ አንድ ጊዜ አንሣኝ፤ የጣራው መላእክት ከበላዬ ይታዩ» አለኝ። ተንበርክኬ ከታች ወደ ላይ አነሣሁት። ተቀብሎኝ ቢያየው ፊቱ ጠቆረ። በጣራው ላይ የተሣሉት መላእክት ሁሉም ዓይናቸውን እንደ ገለጡ ናቸው፤ እሱ ጨፍኗል።

«ድገምልኝ» አለ።