ማዘርቦርዱ አልተቃጠለም

ወንድሜ፣ «ዊንዶውስ 7 ተጭኖ ሰማያዊዎቹ የዩኤስቢ ፖርቶች እምቢ ካሉ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ተቃጥሏል» ያልከው ልክ አይደለም። እዚህ ጅማ ይህን የሚያምን ሰው ብዙ ነው። በቀደም ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ልጅ በዚሁ ምክር ደህና ላፕቶፑን በርካሽ ሊሸጥ ሲል ደረስኩበት።

ነገሩ የድራይቨር ነው፤ ሲስተሙ ከሃርድዌሩ ጋር የሚግባባበት ሶፍትዌር ማለት ነው። ሰማያዊዎቹ ፖርቶች ዩኤስቢ 3.0 ናቸው፤ የሚሰሩትም ኤክስኤችሲአይ በሚባል መቆጣጠሪያ ነው። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ የዚህን ድራይቨር ይዞ አልመጣም። ይዞ የመጣው ዊንዶውስ 8 ነው፣ በ2012። ሊኑክስማ ከከርነል (የሲስተሙ እምብርት) 2.6.31 ጀምሮ፣ ያኔውኑ በ2009 ነበረው። ማን ያመስግነው!

የልጁን ላፕቶፕ አብረን ከፈትነው። ሰማያዊው ፖርት ላይ የሰካነው ኪቦርድ ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት የሚሰራው ፕሮግራም) ይሰራል፤ ባዮስ የራሱ ድራይቨር አለዋ። ዊንዶውስ ሲነሳ ግን ጭጭ። የሃርድዌሩ ዝርዝር በሚታይበት ዲቫይስ ማናጀር ላይ ቢጫ ቃለ አጋኖ ተደቅኗል። ድራይቨሩን በፍላሽ አምጥተን በጥቁሩ ፖርት (ዩኤስቢ 2.0) አስገባን። ሪስታርት ካደረግን በኋላ ያው ፍላሽ ሰማያዊው ላይም ታየ። ልጁ ሳቁ አልቆም አለው።

ፖርት አይቃጠልም እያልኩ አይደለም። ግን ከመፍረድህ በፊት ኡቡንቱን (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ከፍላሽ አስነሳና ሞክር። እዚያም ከሞተ፣ ያኔ ሃርድዌሩን ጠርጥር።

ከኢንቴል 6ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ወዲህ ባሉት ኮምፒውተሮች ደግሞ ዊንዶውስ 7 የሚያውቀው የድሮው የዩኤስቢ 2.0 መቆጣጠሪያ ራሱ ስለቀረ፣ ዊንዶውስ 7 ስትጭን የዩኤስቢ ማውስና ኪቦርድ ከነጭራሹ ላይሰሩ ይችላሉ። ድራይቨሩን መጫኛው ፍላሽ ውስጥ ቀድመህ ክተተው።