ይድረስ ለክቡር ሃምሳ ሁለት

ቀን፦ መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክቡር ሃምሳ ሁለት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ውሸት ይሆናል። አልናፈቁኝም። ደህናም አልነበርኩም።

ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎ። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዶሮው ተበልቶ ቡናው ቶና ላይ በደረሰበት ዕለት፣ ማታ ስልኬን አውጥቼ የዓመቱ የመጽሐፍ ዕቅዴ አድርጌ የቀጠርኩዎት ሰው ነኝ። ጥፋቱ የባልደረባዬ ነው። እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "እኔ እኮ አምና ስልሳ መጽሐፍ አነበብኩ" አለ። ምን ምን እንደሆኑ የጠየቀው የለም። "ኧረ!" ብለን ዝም አልን። ቤቱ ውስጥ ከእሱ ሌላ ስድስት ሰው ነበርን። ስድስታችንም በዚያች ደቂቃ መሃይም ሆንን።

የዚያኑ ዕለት ማታ የመጽሐፍ መቁጠሪያ መተግበሪያ ጫንኩ። በዓመት ስንት ማንበብ እንደምፈልግ ጠየቀኝ። 365 ቀን ለሰባት ሲካፈል 52። በሳምንት አንድ። ምን አላት! ከዚያ በፊት በዓመት ስንት አነብ እንደነበር ለማስላት እንኳ አልሞከርኩም። (ስድስት ነበር። እሱም ጥሩ ዓመት ሲሆን።)

አንቱታውን እዚህ ላይ ላቁመው። አንድ ዓመት ሙሉ ትራሴ ሥር አድረሃል። ከዚህ በኋላ አንተ ነህ።

ለነገሩ አንተን ማወቅ ነበረብኝ። ሥራዬ ዕቅድ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ዕቅድ አወጣለሁ፣ ክንውን እሰበስባለሁ፣ በመቶኛ አሰላለሁ። "በከፊል የተከናወነ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ምንም ማለት አይደለም። "በሂደት ላይ ያለ" ደግሞ ያልተጀመረ ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሳበስል ውዬ፣ ማታ ሌላ ቁጥር ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም አሉ።

የመጀመሪያው ውርደት የደረሰው እዚያው ሌሊት ነው። ገና አንድ ገጽ ሳልገልጥ መተግበሪያው "ከዕቅድዎ 36 መጽሐፍ ወደኋላ ቀርተዋል" አለኝ። ደነገጥኩ። በኋላ ነው የገባኝ። ለእኔ ዘመን የተለወጠው ዛሬ ነው፤ የእሱ ዓመት ግን የጀመረው በጃንዋሪ ነው። አደይ አበባ፣ ችቦ፣ እንቁጣጣሽ የሚባል ነገር አያውቅም። ለእሱ ከስምንት ወር በላይ የተኛሁ ሰነፍ ነኝ።

እሺ አልኩ። ደብተር ገዛሁ። በኛ አቆጣጠር የራሴን መያዝ ጀመርኩ። ሁለት መዝገብ ያለው ነጋዴ ሆንኩ ማለት ነው፤ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለገቢዎች። እየተንፏቀቅኩ ታኅሣሥ 22 ላይ አሥራ አንድ ደረስኩ። መሆን የነበረበት አሥራ ስድስት ነው፤ ቢሆንም አሥራ አንድ ለእኔ ታሪክ ነው። ታኅሣሥ 23 ጠዋት ስልኬን ብከፍት፦ ዜሮ ከ52። የፈረንጆቹ ዓመት ገብቶ ሁሉንም ጠርጎታል። "መልካም አዲስ ዓመት" የሚል ርችትም አለው። ልደት ገና ስድስት ቀን ይቀረዋል፣ እኔ እንደገና ተወልጃለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው የተበላሸሁት።

ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። መጽሐፍ አዟሪው መጣ። ታውቃቸዋለህ፤ በግራ ክንዳቸው ከወገብ እስከ አገጭ ደርድረው፣ አንዱን ከመሃል ስበው ሲያወጡ ሌላው ንቅንቅ የማይል። ልጁ ገና ሳይቆም አዳዲሶቹን ዘረዘረልኝ።

"ጋሼ፣ የማን ልስጥዎት?"

"ቀጭን አለህ?"

"የምን ቀጭን? ልብ ወለድ? ታሪክ?"

"ቀጭን።"

አንድ አወጣ። ገጹን አየሁ፤ 110። "ከዚህ የሚያንስ?" አልኩት። ልጁ አገጩን ከመጽሐፎቹ ላይ አንስቶ ትክ ብሎ አየኝ።

"ጋሼ፣ ጮማ ሐኪም ከልክሎዎት ነው?"

ገዛሁት። ከካፌው ሳልነሳ ጨረስኩት። ስለምን እንደነበር አትጠይቀኝ።

ቀጭንም ልክ እንዳለው የተረዳሁት በኋላ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ምክረ ሐሳብ መጽሐፍ ማለት ከሽፋኑ ውጪ ቢያንስ 49 ገጽ ያለው ሕትመት ነው። ከ5 እስከ 48 ገጽ ያለው መጽሐፍ አይባልም፤ ትንሽ ጥራዝ ነው። ምክረ ሐሳቡ የወጣው አገሮች የሚያሳትሙትን መጽሐፍ በአንድ ዓይነት መስፈርት እንዲቆጥሩ ነው። ይኸው፣ የሙያ አጋሮቼ ናቸው። ይህን ያነበብኩ ቀን በደስታ የዕድራችንን መተዳደሪያ ደንብ ከመሳቢያ አወጣሁ። ከነማሻሻያው 52 ገጽ። የዓለም አቀፉን መስፈርት በ3 ገጽ አልፏል። ከዳር እስከ ዳር አንብቤ መዘገብኩት። እውነቱን ለመናገር ሴራ አለው። አንቀጽ 14 ላይ ሦስት ጊዜ ያልከፈለ አባል ምን እንደሚሆን ሳነብ ልቤ ተሰቅሎ ነበር፤ ሁለት ወር አልከፈልኩማ።

የልጄ ተረቶች ግን መስፈርቱን አላለፉም። 24 ገጽ ናቸው፣ ግማሹ ጥንቸል። ያም ሆኖ አራቱን ደብተሬ ላይ አሰፈርኳቸው። ሦስተኛ ክፍል ናት፣ ደብተር ማየት ትወዳለች።

"አባዬ፣ የኔን መጽሐፎች ለምን ጻፍካቸው?"

"አብረን አነበብናቸው አይደል?"

"አላነበብክም። እኔ ነኝ ያነበብኩልህ። አንተ ተኝተህ ነበር።"

ይህ ደግሞ ሌላ ክርክር ያመጣል። የሰማሁት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ሰርቪስ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅንበት። አንዷ የሂሳብ ክፍል ባልደረባችን "ፍቅር እስከ መቃብርን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማ ሰው አላነበበም የሚለኝ ማነው?" ብላ ከኋላ ወንበር ተነሳች። መልስ የሰጣት የለም። ሾፌሩ ሳይቀር ዝም አለ። እኔ በዚያ ድጋፍ ሦስት የጆሮ መጽሐፍ መዘገብኩ። አንዱን ግን ፍጥነቱን ጨምሬ ነው የሰማሁት። ተራኪው እንደ ጨረታ አጫራች ይጮሃል፣ ተዋናይዋ እየሞተች ነው።

የፍቅር እስከ መቃብርን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ከአንተ ጋር የተጣላነው በእሱ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት መጽሐፍ ከ500 ገጽ በላይ ነው። በአንተ ሂሳብ ግን "1" ነው። የዕድሩ ደንብም "1" ነው። ይህን እያወቅኩ ሰኔ መጨረሻ ላይ ጀመርኩት። ተማሪ ቤት ሳለሁ ለፈተና አንብቤው ነበር፤ ያኔ የሚቸኩለው መምህሩ ነበር።

ክረምት ነው። መብራት ጠፍቷል። ሻማ ሽሮ የበላሁበት ሰሃን ላይ አቁሜ አነባለሁ። ጣሪያው ላይ ዝናቡ እየወረደ ባለቤቴ "ምን ይላል?" ትለኛለች። አነብላታለሁ። ጉዱ ካሳ መናገር ሲጀምር ትስቃለች፣ "ድገመው" ትላለች። እደግመዋለሁ። አንዳንድ ቀን ሦስት ገጽ ብቻ እናነባለን። አንድ ቀን ጭራሽ ወደኋላ ሄድን፤ ባለፈው ሳምንት ያነበብነውን ስላላመነችኝ። ደብተሬ ላይ "−11 ገጽ" ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ክንውን በሙያ ዘመኔ ሪፖርት አድርጌ አላውቅም።

አንተ ግን ትንጫጫለህ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ስልኬ ጨለማው ውስጥ ብልጭ ይላል፦ "9 መጽሐፍ ወደኋላ ቀርተዋል።" በሳምንቱ፦ "10።" ከዚያ፦ "11።" አንድ ቀን ባለቤቴ ስልኩን አንስታ አየችውና "ማናት እንዲህ ሌሊት የምትጽፍልህ?" አለችኝ። ሃምሳ ሁለት ነው አልኳት። "ዕድሜዋ ነው?" አለች።

ስድስት ሳምንት ፈጀ። መጨረሻው ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ስለምናውቀው ገጹን የሚገልጥ ጠፋ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ጨርሼ ስመዘግብ መተግበሪያው "እንኳን ደስ አለዎት! ቀጣዩ መጽሐፍዎ ምንድን ነው?" አለኝ። ለቀስተኛ ገና ድንኳን ሳይወጣ!

ንዴቴ እስኪበርድ እናቴ ጋ ሄድኩ። እሷ በየማለዳው ዳዊት ትደግማለች። እድሜዋ ከሰማንያ አልፏል፤ መጽሐፉ ከቆዳ ማኅደሩ ሲወጣ የገጾቹ ጥግ በአውራ ጣቷ ጠቁሯል፣ እዚህም እዚያም የጧፍ ጠብታ አለው። እሷ ስታነብ እኔ በልማዴ ሂሳብ ያዝኩ። መቶ ሃምሳው መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ነው የሚደገመው። በሳምንት አንዴ ታዳርሰዋለች። በዓመት ስንት ይሆናል?

አዎ። አንተን ትሆናለች። በየዓመቱ፣ አንድ ቀን ሳታዛንፍ፣ በአንድ መጽሐፍ።

"እማዬ፣ ይህን መጽሐፍ ስንቴ ጨረስሽው?" አልኳት።

"ዳዊት ያልቃል እንዴ?" አለችና መነጽሯን አስተካክላ ቀጠለች። እኔ ያመጣሁትን ስኳር እንኳ ገና አላየችውም።

ወደ ሪፖርቱ ልመለስ። ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ማታ ደብተሬን ዘጋሁ። ጳጉሜን ስድስት ያልሆነችው ዘንድሮ ሆነብኝ፤ አንድ ቀን ቢጨመርልኝ አንድ ቀጭን አላጣም ነበር። ጠቅላላ ክንውን 29 መጽሐፍ፣ 55.8 በመቶ። ተማሪ ቤታችን ግድግዳ ላይ "ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል" የሚል ተጽፎ ነበር። በዚህ ስሌት ከግማሽ ትንሽ ያለፍኩ ሰው ነኝ። ያጋጠሙ ችግሮች፦ የመብራት መቆራረጥ፣ የዋጋ ንረት (አንዱን በአማካይ 450 ብር ብንይዘው 52 መጽሐፍ 23,400 ብር ነው፤ ይህን ለባለቤቴ አላሳየሁም)፣ እና ሐዲስ ዓለማየሁ። የተወሰደ የመፍትሔ እርምጃ፦ የዕድር ደንብ።

እንግዲህ ትብብሩ።

ከትናንት በስቲያ እንቁጣጣሽ ነበር። ያው ቤት፣ ያው ዶሮ፣ ያው ባልደረባ። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ እግሩን አነባበረ። ገና ሳይተነፍስ አወቅኩት።

"እኔ አምና ሰባ አለፍኩ" አለ። ወደ እኔ ዞረ። "አንተስ፣ ጀምረህ ነበር አይደል? ስንት ደረስክ?"

ስለ ሻማው ልነግረው አስቤ ነበር። ስለ "−11 ገጽ"። ስለ እናቴ አውራ ጣት። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ አየ። ባለቤቴም አየችኝ።

"ሃምሳ ሁለት" አልኩ።

"ኧረ!" አለ ቤቱ በሙሉ። ባለቤቴ ረከቦቱን ማስተካከል ጀመረች። ሰውየው እግሩን አወረደ።

ስለዚህ ምናልባት አግኝቶህ ስለ እኔ ቢጠይቅህ፣ "አዎ፣ በደንብ እንተዋወቃለን፣ ቤቱም ደርሻለሁ" ትልልኝ ዘንድ ትብብርህን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ልጄ ዘንድ ግን እንዳትሄድ። ደብተሩ የት እንዳለ ታውቃለች።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለመጽሐፍ አዟሪው (ወፍራም መግዛት ጀምሬያለሁ)
ለዕድራችን ገንዘብ ያዥ (የሁለት ወሩን ይዤ እመጣለሁ)
ለክቡር ስድስት፣ የቀድሞ ቦታቸው ክፍት መሆኑን እንዲያውቁት