ይድረስ ለሠፈራችን የቡና ላይ ሐኪም

ለክቡር ሐኪማችን
አራዳ፣ ጎንደር
ረከቦቱ አጠገብ ባሉበት

ጉዳዩ፦ በነጻ የሰጡኝን ምርመራ ይመለከታል

ክቡር ሆይ! ጤናዎ እንዴት ነው? የእኔን አልነግርዎትም፤ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

እኔ አብራሪው ልቤን አሞኝ፣ የተዘጋው የደም ሥሬ በስቴንት (የደም ሥርን ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ተከፍቶ፣ ላገግም እናቴ ቤት የገባሁ ዕለት ከሁሉ ቀድመው እጄን የያዙት እርስዎ ነበሩ። አውራ ጣትዎን አንጓዬ ላይ ጫን አድርገው፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ ቤቱን ሁሉ ጸጥ አሰኙት። ቡና የምትቀዳው እህቴ ጀበናውን እንዳዘነበለች ቀረች። ከዚያ «ይኼ ልብ ደክሟል፤ ከእንግዲህ አውሮፕላን የሚባል ነገር በሩቁ!» ብለው ፈረዱ። እናቴ አለቀሰች። አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው የሌላ ሰው ልብ እንደማይቆጠርበት ላስረዳ ብል «በሽተኛ ብዙ አይናገርም» አሉኝ። የዚያን ዕለት የደከመ ልብ አግኝተው ከሆነ የራስዎ ሳይሆን አይቀርምና እባክዎ ይታዩ።

ወራት አለፉ፤ ጉንጬ ሞላ፤ ዳገቱን ሳላለከልክ መውጣት ጀመርኩ። ይኼኔ ደግሞ ተገለበጡ። «ምን ትጠብቃለህ? ሰው ድኖ ቤት ይቀመጣል?» አሉኝ። «አባረውት ይሆናል» የምትለዋን ለእኔ ሳይሆን ለጎረቤት ነው ያሏት፤ ደርሳኛለች።

የምጠብቀውን ልንገርዎ። ሜዲካሌን፣ እንድበር የሚፈቅድልኝን የጤና ወረቀት ነው። የአየር መንገድ አብራሪ የጤና ምስክር ወረቀት ለደህና ሰው እንኳ የሚያገለግለው 12 ወር ነው፤ ዕድሜ 60 ሲሞላ ወደ 6 ወር ይወርዳል። የታመመ ሰው ደግሞ ወረቀቱ ቀኑ ባያልፍበትም መብረር አይችልም። ይህን እኔን ለመጉዳት ያወጣው ሰው የለም፤ ኢትዮጵያም ከተቀበለችው፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ቺካጎ ላይ ከተፈረመው የዓለም አቀፍ የበረራ ስምምነት ሥር የወጣ መመዘኛ ነው። አውሮፓውያን ጭራሽ ልቡን የታመመ አብራሪ 6 ወር ሳይሞላው ለግምገማ እንኳ አያቀርቡትም። ከሞላው በኋላ ደረቱ ላይ ሽቦ ተለጣጥፎበት ትሬድሚል የተባለ የመሮጫ ማሽን ላይ ይወጣል፤ በየ3 ደቂቃው ፍጥነቱም ዳገቱም ይጨምርበታል። በአልትራሳውንድ ሲታይ የግራው የልብ ክፍል በአንድ ምት ከያዘው ደም ቢያንስ 50 በመቶውን መርጨት አለበት። ስቴንት ከገባለትም የልቡ ጡንቻ ደም በሚገባ እንደሚደርሰው በሌላ ምርመራ ይታያል። ይህን ሁሉ ቢያልፍ እንኳ «ከሌላ አብራሪ ጋር ብቻ ይብረር» ተብሎ ይጻፍበታል።

የሚገርምዎት እነዚያ የአብራሪ ሐኪሞች «ድኗል ወይስ አልዳነም?» ብለው አይከራከሩም። «በሚመጣው አንድ ዓመት ውስጥ መሪውን እንደያዘ በድንገት ራሱን የመሳት ዕድሉ ስንት ነው?» ይላሉ። ሁለት አብራሪ ላለበት አውሮፕላን ብዙዎች የሚቀበሉት ጣሪያ በዓመት 1 በመቶ ነው። እርስዎ ግን ከ0 እና ከ100 በቀር ቁጥር አያውቁም፤ መጀመሪያ ገደሉኝ፣ ቀጥለው ሰነፍ አደረጉኝ። ቀጠሮ ስጠብቅ፣ ፋይሌ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከባለል ጨጓራዬ መቃጠሉን አልክድም። ቢሆንም እዚያ ያለው ሰው «ውጤቱን ሳላይ አልናገርም» ይላል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከአፍዎ ሰምቼ አላውቅም።

ነጭ ሽንኩርት በማር ያዘዙልኝን አልረሳሁም። ስቴንት የገባለት ሰው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ነጭ ሽንኩርት ሲበዛበት ደግሞ መድማት ሊያብስ እንደሚችል ባለሙያ ነግሮኛል። እርስዎ ቢሰሙ «እነሱ ምን ያውቃሉ» ይላሉና ልለፈው።

«ከፍታ ለልብ አይስማማም» ያሉት ግን ከሁሉም ይብሳል። ክቡር ሆይ፣ የተቀመጡበት ዱካ ራሱ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው ያለው! አውሮፕላን የፈለገውን ያህል ከፍ ቢል የውስጡ አየር በተለመደው በረራ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ካለው አየር ይበልጥ እንዳይሳሳ ተደርጎ ነው የሚያዘው። ስለዚህ እናቴ ሳሎን ቡና ስጠጣ የምተነፍሰው አየር ከአብራሪው ወንበር ብዙም አይርቅም። ለወንድምዎ ልጅ ሰርግ ደባርቅ ይዘውኝ የሄዱትስ ማን ነበሩ? ደባርቅ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ከአውሮፕላን በሳሳ አየር ውስጥ «ተነሣ እንጂ፣ ካፒቴን!» ብለው እስክስታ አስወረዱኝ። ምንም አልሆንኩም። ጤናዬን ለሚገመግመው ቦርድ በማስረጃነት ባቀርበው ደስ ባለኝ፤ እስክስታ መመዘኛው ውስጥ የለም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ልብ ላይ የሚሰጡት ማናቸውም ውሳኔ ከኢሲጂ (በማሽን ከተነሣ የልብ ምት ንድፍ) ጋር ተያይዞ በጽሑፍ እንዲቀርብልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለቡናው እመጣለሁ፤ እጄን ግን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ነው።

ከሰላምታ ጋር
በሽተኛዎ

ግልባጭ፦
ለእናቴ፣ እንድትጽናና
«ካፒቴን፣ አሁን ምን ትሠራለህ?» ለሚሉኝ የአዘዞ መስመር ባጃጅ ነጂዎች በሙሉ
ለዕድራችን ንብረት ያዥ፦ በሐኪማችን ምክር ለእኔ ተብሎ የተያዘው ድንኳን ካለ ለሌላ ባለጉዳይ እንዲሰጥ