ለፈረስ ቤት የሠራች ከተማ ሞተር ምን አስደነገጣት?

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጎንደር ስለ መንገድ ደኅንነት በተጠራ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ወደ ማለቂያው አንድ ኃላፊ ማይኩን ያዙና ስለ እኛ ስለ ሞተረኞቹ ተናገሩ። «እሑድ እሑድ ሞተር ደርድረው ስለ ሞተር ሲያወሩ የሚውሉ ወጣቶች አሉ» አሉ። «ሞተር የሥራ ዕቃ ነው። ለሥራ ያልዋለ ሞተር ለሌላ ነገር ነው የሚውለው።» ቀጠሉና ከአምስት በላይ ሞተር አንድ ቦታ እንዳይቆም «አቅጣጫ እንደሚቀመጥ» ነገሩን። ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ። ለምን እንዳጨበጨበ እስካሁን አልገባኝም። ምሳ ሰዓት ስለደረሰ ይመስለኛል።

ከእነዚያ «ወጣቶች» አንዱ እኔ ነኝ። አርባን ካለፍኩ ቆየሁ። ወጣት ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ለቀረው ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

በመጀመሪያ ያቺ «ለሌላ ነገር» የምትባለዋ። ሌላው ነገር ምንድን ነው? አልተናገሩም። ሁላችንም ግን ገብቶናል። ነጠቃ ማለታቸው ነው። አዲስ አበባም ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተርን የከለከለችው ይህንኑ ይዛ ነው። እሺ፣ እንበልና ሌባ ሞተር ይነዳል። ሌባ ጫማም ያደርጋል። ግን የትኛው ሌባ ነው እሑድ ረፋድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሞተሩን መንገድ ዳር አቁሞ ታርጋውን ከሚያውቁት ሃያ ሰዎች ጋር ስለ ካንዴላ፣ ቤንዚኑን በብልጭታ ስለምታቀጣጥለው ዕቃ፣ የሚከራከር? እኛ ጋ እኮ ሰው የሚታወቀው በሞተሩ ድምፅ ነው። ገና ከመታጠፊያው ወዲያ ሳለ «እገሌ መጣ፣ ሰንሰለቱን ዛሬም ዘይት አላስነካውም» ይባላል። የተሰረቀ ሞተር ይዞ እዚያ የሚመጣ ሌባ ካለ ሌባ ሳይሆን ቂል ነው። ፖሊስ ብሆን ኖሮ እነዚህን ሰዎች አልበትንም፤ ቡና ገዝቼ አብሬያቸው እቀመጥ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። «የሥራ ዕቃ» ወደምትለዋ።

ወደ ፋሲል መዋኛ ውረዱ። ጥምቀት ስንወርድ ሁላችንም አልፈናታል። ጉልላት ያላት ትንሽ የድንጋይ ቤት አለች። የዞብል ቤት ትባላለች። ዞብል ንጉሥ አይደለም፤ ጳጳስም አይደለም። ፈረስ ነው። ገሚሱ አስጎብኚ የዐፄ ፋሲል ፈረስ ነው ይላል፤ ገሚሱ የልጃቸው የጻድቁ ዮሐንስ ነው ይላል። ፈረስ መሆኑ ላይ ግን ማንም አይከራከርም። መቃብሩ ነው እየተባለ ስንት ዘመን ለቱሪስት ስናስጎበኝ ኖረናል። ገንዘብም ተቀብለንበታል።

እና ያቺን ቤት ያሠራው ሰው «ፈረስ የሥራ ዕቃ ነው» ብሎ ያስብ ነበር? የሥራ ዕቃ ሲያልቅበት ይጣላል። ለማጭድ ጉልላት የሠራ ሰው አላየሁም።

እኛ እኮ ሰውን በፈረሱ ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አራተኛ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ልብ በሉ፤ ፈረሱ በሰውየው ስም አልተጠራም፤ ሰውየው ነው በፈረሱ የተጠራው። ዙፋን ላይ የተቀመጠ ንጉሥ «የእገሌ ፈረስ ጌታ» መባልን እንደ ማዕረግ ይቆጥረው ነበር። የቋራው ካሣ ዛሬ ቢነሳና እሑድ ጠዋት ታጠቅን ይዞ ከባልንጀሮቹ ጋር ቢቆም፣ አምስት ከሞሉ አቅጣጫ ሊቀመጥበት ነው ማለት ነው።

የድሮ ነው ትሉኝ ይሆናል። የድሮ አይደለም። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ አይታችኋል። ፈረሱ በጌጥ ተንቆጥቁጦ፣ ሜዳው በአቧራ ተሸፍኖ፣ ባለሥልጣኑ ከፊት ወንበር ላይ ጋቢ ደርቦ። እሰየው ነው፤ ያኮራል። አንድ ኃላፊ ተነስቶ «ይህ ሁሉ ፈረስ ዛሬ ለምን ጭነት አልጫነም?» ሲል ግን አልሰማሁም። ፈረሰኞቹ ሲገናኙ ስለምን የሚያወሩ ይመስላችኋል? ስለ ስንዴ ዋጋ? ስለ ፈረሳቸው ነው። ስለ ኮቴው፣ ስለ ልጓሙ፣ ማን ከማን እንደተወለደ፣ የትኛው ወንዝ ላይ እንደደነበረ። ፈረስ ሲሆን ባህል ነው። ሞተር ሲሆን ስጋት።

እኛ ጋ አንድ ልጅ አለ። ቦክሰር ሞተሩን «አባ ገስግስ» ይላታል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ዕቃ ያደርስባታል። እሑድ አጥቦ፣ ወልውሎ፣ እንደ ሙሽራ አድርጎ ያመጣታል። አንዲት ነርስም አለች፤ የድሮ ያማሃ ዲቲ አላት፤ ወንዶቹ ስለ ጭቃ ሲያወሩ አቋርጣ የምታርማቸው እሷ ናት። እነዚህ ሰዎች ሥራ ፈት ናቸው? ይልቅ ከሥራ ቀናቸው የተረፈችውን ግማሽ ቀን በምን ያሳልፏት? ጫት ቤት ቢገቡ ማንም ስብሰባ አይጠራባቸውም ነበር።

ደግሞ «ወሬ» ተባለ። ወሬው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ያስተማሩኝ ሜዳ ላይ ስምንት ቁጥር መዞር ነው። ዞርኩ፤ እግሬን መሬት አላስነካሁም፤ አለፍኩ። ሊማሊሞ ግን ስምንት ቁጥር አይደለችም። ጣልያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው መንገድ ነው። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ስትወርዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ መታጠፊያው ማለቂያ የለውም። መጀመሪያ የወረድኩት ቤንዚን ልቆጥብ ብዬ ሞተሩን አጥፍቼ ነው። ብልህ ነኝ ብዬ! የኋላውን ፍሬን ረግጬ፣ ረግጬ፣ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ከዚያ ፍሬኑ እግሬ ሥር ሟሸሸ። ገደሉ በግራ ነበር፤ እኔ በቀኝ በኩል ድንጋዩን መረጥኩ። ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ቀን ነው።

ከአንድ ወር በኋላ እሑድ እሑድ የምንሰበሰብበት ጎሚስታው በር ላይ ተቀምጠን ታሪኩን አወራሁ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ግማሽ ዕድሜያቸውን በመንግሥት ሞተር ወረዳ ለወረዳ የዞሩ አንድ ጋሼ ሰሙኝና «ልጄ፣ ሽቅብ በምትወጣበት ማርሽ ነው ቁልቁል የሚወረደው። ሞተሩ ራሱ ይያዝህ፤ ፍሬኑን ለመታጠፊያው አቆየው» አሉኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር። ያቺን ዓረፍተ ነገር መንጃ ፈቃድ የሰጠኝ ቦታ አልነገረኝም። ስብሰባ የጠራኝም አካል ነግሮኝ አያውቅም። የነገረኝ «ወሬ» ነው።

ሌላም ልጨምር። ሞተር ከባሕር ወለል በወጣ ቁጥር ይደክማል፤ አየሩ ይሳሳበታላ። በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀነሳል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። እንግዲህ 150 ሲሲ ብላችሁ ከገዛችሁት ሞተር ጉልበት አንድ አምስተኛው እዚህ የለም። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ መተማ ቆላ ላይ በደንብ ይሠራ የነበረ ሞተር ይዞ ወደ ደጋ ወጣ። ጥቁር ጭስ፤ ማነቅ፤ ዳገት እምቢ። አንድ ጋራዥ «ፒስቶኑ አልቋል፣ ይከፈት» አለው፤ ዋጋውም ተነገረው። ልጁ ሊያለቅስ ደርሶ እኛ ጋ መጣ። ካንዴላው ተፈታ፤ ጥላሸት ለብሷል። ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ካርቡሬተር ቆላ እንዳለ አድርጎ ቤንዚን ያፈስሳል፤ የሚያቃጥለው አየር ግን የለም። ተስተካከለለት። ፒስቶኑ እስከ ዛሬ አለ። የተረፈውን ብር ምን እንዳደረገበት አላውቅም፤ ለእኛ ግን ቡና እንኳ አልገዛም።

በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚንስ? ማደያ ሰልፍ ላይ ያደረ ሰው ያውቀዋል። ላምባ የተቀላቀለበትን እንዴት ትለያላችሁ? ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። ንጹሑ ቤንዚን በንኖ ይጠፋል፤ ላምባ ያለበት የቅባት ምልክት ይተዋል። ይህንንም ያወራነው ከአምስት በላይ ሆነን ነው። ሕገ ወጥ ዕውቀት ልበለው?

የሠለጠነ ሞተረኛ እንፈልጋለን ይሉናል። የት ሊሠለጥን ነው? ኮብልስቶን ዝናብ ሲነካው ሳሙና እንደሚሆን፣ ክረምት ላይ የአዘዞ መንገድ ጭቃ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚከፋ፣ በሬ ከግራ ሲሻገር ጥጃው ከኋላው እንደሚከተል የሚያስተምር መጽሐፍ የለም። ይህ ከአፍ ወደ ጆሮ የሚሄድ ትምህርት ነው። ጎንደር ደግሞ ቅኔውንም ድጓውንም ከአፍ ወደ ጆሮ ስታስተላልፍ የኖረች ከተማ ናት። የኔታ ተማሪውን ዛፍ ሥር ሰብስበው ሲያስቀጽሉ ከአምስት በላይ አትሁኑ ያላቸው የለም።

እሺ፣ አንድ ነገር ልመን። ማርሚታውን፣ የጭስ መውጫውን፣ አስፍቶ ሌሊት መንደር የሚቀሰቅስ አለ። አልከላከልለትም፤ ይቀጣ። ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ የሚነዳም አለ፤ የሚያስበው በክርኑ ይመስል። ሄልሜት የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለ ክርን ያሉት ነገር የለም። ግን ይህን ልጅ ማን ነው የሚያሳፍረው? ትራፊክ ሲያየው ያጠልቃል፤ ሲያልፍ ያወልቃል። እኛ ጋ ሲመጣ ግን ተስቆበት፣ ተስቆበት፣ ጭንቅላቱ ላይ ሳያደርግ መነሳት አይችልም። መቶ ስብሰባ የማያደርገውን አንድ የጓደኛ ሳቅ ያደርገዋል።

ሌላው ነገር የመንገዱ ነው። ስለ እሱ ብዙ አልልም፤ ታውቁታላችሁ። ድሮ እሑድ ጠዋት ኮሶዬ ወጥተን፣ ገደሉን አይተን፣ ለምሳ ቤታችን እንደርስ ነበር። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ጎርጎራ ዓሣ በልተን እንመለስ ነበር። ስሜን ተራራን በሞተር ያላየ ሰው ደባርቅ ላይ ቆሞ የሚመታው ብርድ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ጓንት አድርጋችሁ ጣታችሁ አይሰማችሁም። አሁን ከከተማ እንደ ልብ መውጣት ቀረና ያ ሁሉ በ«ትዝ ይልሃል?» ሆኗል። መንገዱ ሲጠብ ወሬው ረዘመ። መንዳት ቀረና ስለ መንዳት ማውራት ተረፈን። እሷኑ ነው እንግዲህ ቆጥረው፣ ከአምስት አትብለጡ ያሉን።

ስብሰባው ሲያልቅ የሆነውን ልጨምርና ልተው። ወጣሁ። ሞተሬ ከበሩ አጠገብ ነበረች፤ አሮጌ ዲቲ ናት። ኃላፊው ወደ መኪናቸው ሲሄዱ አዩዋትና ቆሙ። ዞር ብለው ዙሪያዋን አዩ። «ዲቲ አይደለችም እንዴ?» አሉኝ። ነች አልኳቸው። ሰልባትዮዋን፣ የቤንዚን ቋቷን፣ በእጃቸው ነካ አደረጉ። «እኔ የግብርና ባለሙያ ሆኜ በለሳ ስሠራ እንደዚችው ነበረችኝ» አሉ። «አንድ ክረምት ወንዝ ሞልቶ...» ብለው ጀመሩ። ሞተሯን እንዴት በአራት ገበሬ ትከሻ እንዳሻገሩ፣ ማዶ ሲደርሱ ካንዴላውን ፈትተው በነጠላቸው እንዳደረቁ፣ በስንተኛው ምት እንደተነሳች ነገሩኝ። በእጃቸውም በእግራቸውም ነበር የሚያወሩት። ሁለት ልጆች ሞተራቸውን አቁመው መጡ። ከዚያ ሌላ ሁለት። ስድስተኛው ሲደርስ ሾፌራቸው ጡሩምባ ነፋ። እሳቸው እጃቸውን አወናጨፉበትና «ቆይ አንዴ» አሉት፤ ገና ወንዙን አልጨረሱም ነበር።