ቡልቡላን እየጠጣን ሰማይን አንክሰስ

ወገኖቼ፣ በተለይ እናንተ ከመቂ እስከ ቡልቡላ ሽንኩርትና ቲማቲም የምታለሙ፣ ከአዲስ አበባ እየተመላለሳችሁ መሬት የምትከራዩ፣ የውሃ ሞተር የምታከራዩ፣ ደላሎችም ጭምር፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቦሊቪያ ነው። አዎ፣ ደቡብ አሜሪካ ስላለችው ቦሊቪያ። "እሷ ደሞ እኛን ምን አገባት" ብላችሁ እንዳታልፉት፣ እነሱ ስላጡት ሐይቅ ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ ላይ የሚመጣው የኛው አቢያታ ሐይቅ ነው፣ ዝም ማለት አቃተኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦሊቪያ ውስጥ አልቲፕላኖ የሚሉት ከባህር ጠለል 3,700 ሜትር አካባቢ ከፍ ያለ ቀዝቃዛ ሜዳ አለ። ሰሜኑ ላይ ከፔሩ ጋር የሚጋሩት ቲቲካካ የሚባል ትልቅ ሐይቅ አለ፣ ከቲቲካካ ዴሳጉዋዴሮ የሚባል ወንዝ ይወጣል፣ ወደ ደቡብ 400 ኪሎሜትር ገደማ ሄዶ ፖኦፖ የሚባል ሐይቅ ውስጥ ይገባል። ውሃው በጣም በተትረፈረፈበት ዓመት ካልሆነ በቀር ከፖኦፖ ወዲያ መሄጃ የለውም፣ እዛው ተኝቶ ነው በፀሐይ የሚያልቀው። ለዛ ነው ጨዋማ የሆነው። ጥልቀቱ 3 ሜትር እንኳን አይሞላም ነበር፣ ስፋቱ ግን በሞላበት ዘመን ወደ 3,000 ካሬ ኪሎሜትር ደርሶ ያውቃል፣ የኛን ጣና አስቡት። ከቲቲካካ ቀጥሎ የአገሪቱ ሁለተኛ ትልቅ ሐይቅ እሱ ነበር።

አሁን ወደራሳችሁ ዙሩ። መቂና ከታር የሚባሉት ወንዞች ዝዋይ ሐይቅን ይሞላሉ፣ ከዝዋይ ቡልቡላ ወንዝ ይወጣል፣ ቡልቡላ አቢያታ ይገባል፣ አቢያታ ጋ ያበቃል። እሱም ጥልቀት የለውም፣ እሱም ጨዋማ ነው፣ እሱም ላይ ፍላሚንጎ ይሰፍራል። ሁለቱን ካርታ ጎን ለጎን አድርጌ ሳይ ያው አንድ አገር ስሙ ብቻ ተቀይሮ ነው የሚመስለኝ።

ፖኦፖ በ2014 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ አሳው በሚሊዮን የሚቆጠር ሞቶ ዳር ዳሩ ላይ ተነጠፈ፣ በዓመቱ በታኅሣሥ 2015 ሐይቁ ደረቀ ተባለ፣ አካባቢው የአደጋ ቀጠና ተብሎ ታወጀ። የቀረው ጭቃ፣ ጨውና መሬት ላይ የተጋደሙ ጀልባዎች ናቸው። እዛ ዳር የሚኖሩ ኡሩ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ፣ አይማራ ከሚባሉት ከሌሎቹ የአካባቢው ሕዝቦችም በፊት የነበሩ በጣም ጥንታዊ ናቸው ይባላል፣ ራሳቸውን የሚጠሩት "የውሃ ሰዎች" ብለው ነው። አሳ አጥምደው፣ የውሃ ወፍ አድነው፣ እንቁላል ለቅመው ነው የኖሩት። ዙሪያቸውን ያለው መሬት በገበሬ የተያዘ ስለሆነ የእርሻ መሬት የላቸውም፣ ሐይቁ ነበር መሬታቸው። ሐይቁ ሲሄድ ወንዱ ወደ ማዕድን ማውጫ፣ ወደ ጨው ሥራ፣ ወደ ከተማ ተበተነ፣ መንደሩ ውስጥ ሽማግሌዎችና ጥቂት ቤተሰብ ቀረ። ይሄን ሳነብ ዝዋይ ደሴቶች ላይ ያሉት ዛዮች ናቸው ትዝ ያሉኝ፣ እነሱም ከሐይቁ ውጪ ታሪክ የላቸውም።

ማን አደረቀው? እዚህ ጋ ነው እንድትሰሙኝ የምፈልገው። መጀመሪያ የተባለው ሰማዩ ነው፣ ኤልኒኞ ነው፣ የአየር ንብረት ለውጥ ነው። እውነትም አለበት። የ2015ቱ (እ.ኤ.አ.) ኤልኒኞ እኛንም አልማረንም፣ በ2008 ዓ.ም. ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ፈላጊ ተብሎ ነበር፣ የረሳነው አይመስለኝም። እነሱ አገር ቻካልታያ የሚባል 5,300 ሜትር ላይ ያለ የበረዶ ግግር በ2009 ሙሉ በሙሉ አልቋል። ስለዚህ ሰማዩ ምንም አላደረገም አልልም። ግን ፖኦፖ ድርቅ ሲያይ ያኔ የመጀመሪያው አልነበረም፣ በ1990ዎቹም ደርቆ ተመልሷል። አሁን የከበደው ስንቁ ስለተወሰደ ነው። ቲቲካካ ከሚያገኘው ውሃ አብዛኛው እዛው በፀሐይ የሚተን ነው፣ በዴሳጉዋዴሮ የሚወጣው ከአስር አንድ እጅ ቢሆን ነው፣ ያቺኑ ደሞ መንገድ ላይ መስኖው ይጠልፋታል፣ ማዕድኑ ይወስዳታል፣ የተረፈውን ወንዙ ራሱ ያመጣው ደለል ይዘጋበታል፣ በሌላ በኩል ከዋኑኒ ቆርቆሮ ማዕድንና ከሌሎቹ የሚወርደው ዝቃጭ አለ። ገበሬው ማዕድኑን ይከሳል፣ ማዕድኑ ገበሬውን፣ መንግሥት ሰማዩን። እያንዳንዱ የወሰደው ትንሽ ነበር፣ እያንዳንዱም እውነቱን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል አይደል፣ ወንዝ ላይ ሃምሳው ሰው እያንዳንዱ አንድ አንድ ሎሚ ሲያነሳ ቅርጫቱ ባዶ ነው የሚቀረው።

ሌላው እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር ደሞ ይሄ ነው፣ ቦሊቪያ ስለ ተፈጥሮ ግድ የሌላት አገር አይደለችም። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የእናት ምድርን መብት የሚደነግግ ሕግ ያወጣች አገር ናት፣ ተፈጥሮ እንደ ባለመብት የተቆጠረችበት፣ ውሃም በስም የተጠራበት ሕግ። በዛው ዓመት ኮቻባምባ ላይ የዓለም ሕዝቦችን ሰብስባ ስለ አየር ንብረት ጉባኤ አድርጋለች። የያኔው ፕሬዝዳንት ኤቮ ሞራሌስ የተወለዱት ኦሪኖካ ነው፣ ፖኦፖ አጠገብ ያለች መንደር፣ ሐይቁን ከልጅነታቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። የአውሮፓ ኅብረትም ተፋሰሱን ለማዳን ሚሊዮኖች ዩሮ ሰጥቶ ነበር። ሕጉ በወጣ በአምስተኛው ዓመት ሐይቁ ደረቀ። ሕግ ነበረ፣ ብር ነበረ፣ የሐይቁ ልጅ ሥልጣን ላይ ነበር፣ ወንዙ ውስጥ ግን ለሐይቁ ተብሎ የተተወ ውሃ አልነበረም።

እኛም እንደዛው ነን። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተከልን ተባለ፣ እኔም ተክያለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነው የተከልኩት፣ አሁንም እተክላለሁ። ግን ጠዋት ችግኝ ተክሎ ፎቶ የተነሳው ሰው ከሰዓት ቡልቡላ ውስጥ ቱቦ ከከተተ ለአቢያታ የሚደርሰው ምንድነው?

ባለፈው በጋ አቢያታ ዳር ሄጄ ነበር። አብሮኝ የነበረው የአካባቢው ሰው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ "ልጅ ሆኜ ውሃው እዚህ ነበር" አለኝ፣ ከዛ ተነስተን ወደ ውሃው መሄድ ጀመርን፣ ሄድን ሄድን አላለቀም። መሬቱ ነጭ ነው፣ እግሬ ስር እንደ ድርቆሽ እየተሰባበረ፣ ስር ያለው ጭቃ ጫማዬን እየያዘው። ሐይቁ ድሮ ከነበረው ስፋት ግማሽ ያህሉን አጥቷል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው የሶዳ አሽ ፋብሪካ ከራሱ ከሐይቁ ሲቀዳ ኖሯል፣ እኛ ደሞ ከላይ ወንዙን እንቀዳለን። ጨዉ ሲበረታ አሳው አለቀ። አጠገቡ ያለው ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች አቢያታ እየመጡ ነበር አሳ የሚበሉት፣ አሁን ጫጩት ጎጆ ትተው ሌላ ሐይቅ ድረስ መብረር ነው። ሰውየው ይሄን ሲነግረኝ ድምጹ ውስጥ ምሬት እንኳን አልነበረም፣ ለምዶታል፣ እኔን የጎዳኝ መልመዱ ነው።

ስንመለስ ቡልቡላ ወንዝ ጋ ወረድን። በአሸዋ ጆንያ ወንዙን ገድበው ኩሬ ሠርተዋል፣ አንዱ ኩሬ ውስጥ ሦስት ቱቦ፣ የቱቦው አፍ ቆሻሻ እንዳይገባው በማዳበሪያ ተጠቅልሏል፣ አንድ ልጅ በተቆረጠ ሃይላንድ ሞተሩ ላይ ናፍጣ ይጨምራል። ቀን ሰባት ሰዓት ነው፣ አናት የሚበሳ ፀሐይ፣ ውሃው ማሳው ላይ ሞልቶ ቦዩን አልፎ መንገዱ ላይ ይፈሳል፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ከጆንያው በታች ያለው ወንዝ በእግር የሚዘለል ነበር። ልጁን አልወቅሰውም፣ የቀን ሠራተኛ ነው። እዛው መንገድ ዳር ግን ዋጋው ስለወደቀ የተደፋ ቲማቲም ክምር አየሁ፣ ዝንብ ወሮት፣ ከብት እየበላው። ያ ቲማቲም እኮ ውሃ ነው፣ ከአቢያታ አፍ ነጥቀን አውጥተን ለዝንብ የሰጠነው የቡልቡላ ውሃ ነው። ሁላችንም በአንድ ሳምንት ቲማቲም ተክለን በአንድ ሳምንት ገበያ አውጥተን ዋጋውን ራሳችን ገድለን ከዛ መንገድ ላይ የምንደፋው እስከ መቼ ነው?

ይሄን ስናገር "ትልልቆቹን ተናገር፣ የአበባ እርሻውን ተናገር፣ ፋብሪካውን ተናገር" የምትሉኝ አላችሁ። እናገራለሁ፣ የሚቀዱትን ይለኩ፣ ይክፈሉበት፣ ቁጥሩም ለሕዝብ ይገለጽ፣ ፈቃድ የምትሰጡ የመንግሥት ሰዎችም ወንዙ ከሚችለው በላይ ፈቃድ እየሰጣችሁ ወረቀት ብቻ አትቁጠሩ። ግን የትልቁ ጥፋት የትንሹን ቱቦ አያጸድቅም። ዴሳጉዋዴሮ ላይም እንዲህ ነበር የሚባለው፣ እሱን ሲባባሉ ነው ያለቀው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ አባቶቻችን፣ እኛን ደሞ ውሃው ራሱ እያሳሳቀ እየሄደብን ነው።

"ሐሮማያ ሐይቅም ደርቆ ተመልሷል" የሚልም አለ። እውነት ነው፣ ውሃው በመመለሱ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን በደረቀበት ዓመታት ሐረር ከተማ ውሃ ከሩቅ በቧንቧ እስኪመጣላት ድረስ ያየችውን ጠይቁ፣ አሳ አጥማጁ ምን በላ ብላችሁ ጠይቁ። ፖኦፖም በ1990ዎቹ ደርቆ ሲመለስ ሰው "በቃ ይመለሳል" ብሎ ተዘናግቶበታል። ሐይቁ አንድ ቀን ቢመለስ እንኳን ጨው ሲያፍስ ያደገውን የኡሩ ልጅ መረብ መጣል ማን ያስተምረዋል?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጉዳዩ ትንሽ የወጣ ቢመስልም ውስጤ ስላለ ነው። በ1970 (እ.ኤ.አ.) ራ ሁለት የምትባል የደንገል ጀልባ አትላንቲክን ከሞሮኮ እስከ ባርቤዶስ ተሻግራ ነበር፣ የሠሯት የቲቲካካ አይማራዎች ናቸው፣ ደንገሉ ግን የሄደው ከኢትዮጵያ ነው። የኛ ሐይቅ ሳርና የነሱ እጅ አንድ ላይ ሆነው ውቅያኖስ ተሻገሩ ማለት ነው። ያን ያህል ዝምድና አለን፣ የሚያሳዝነው አሁን የምንመሳሰለው በደረቀ ሐይቅ መሆኑ ነው።

ስለዚህ በዚህ በጋ፣ መጋቢት ላይ፣ ቱቦህን ከመክተትህ በፊት አንድ ቀን ሥራ ፍታና ሞተር ሳይክል ተከራይተህ ቡልቡላን ተከትለህ ወደ ታች ውረድ። ከወንድምህ ጋር ሂድ፣ የማሳ ጎረቤትህን ይዘህ ሂድ፣ ልጅህን አፈናጥጠው። ወንዙ የት ጋ እንደሚቆም በዓይናችሁ እዩ። ከዛ ስትመለሱ ስንት ሰዓት እንደምትቀዱ፣ ማን በየትኛው ቀን እንደሚያቆም፣ ለታች የሚተወው ስንት እንደሆነ እዛው ወንዙ ዳር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ማታ ማታ አጠጡ፣ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ሞተር አታስነሱ፣ ቦዩን ጠግኑ፣ ጆንያውን አንሱት።